ሐረጎ ዳገት ላይ ብቻ የሚታመም ካምቢዮ፦ የአንዲት ኮሮላ የጉዳይ ጥናት

የዚህችን መኪና ብልሽት ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የተገኘው ጥፋት ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ የተበላ ሽቦ ነው። ከአምስቱ ሳምንት ሁለቱ ያህል የባከኑት በእኔ ስህተት ስለሆነ፣ ነገሩን ከነስህተቱ አስፍሬዋለሁ። የባለመኪናዋንም ሆነ ከእኔ በፊት መኪናዋን ያዩ ጋራዦችን ስም አላነሳም።

ዳራ

መኪናዋ የ2004 ምርት ኮሮላ ናት፤ አራት ማርሽ ያለው ኦቶማቲክ ካምቢዮ አላት። ባለቤቷ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ደሴ፣ ብትን ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጠዋት ይወርዳሉ፣ ማታ ይወጣሉ። መኪናዋን ሌላ ሰው አይነዳትም።

መንገዱን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ጉዳዩ ያለ መንገዱ አይገባውምና ትንሽ ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለቱን የሚለያየው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ከባዱ ክፍል ሐረጎ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደሴ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ጉልበት ጥሎ ነው የሚገባው። ሹፌሩ ይህን ለማካካስ ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል፣ ካምቢዮውም ዳገቱን በአብዛኛው በሁለተኛ ማርሽ ይወጣል። ይህችን ሁለተኛ ማርሽ አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ።

ችግሩ፣ በባለቤቷ አንደበት

መጀመሪያ የመጡ ዕለት የነገሩኝን እንዳለ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፦

«ስወርድ ምንም የለባትም። ስወጣ ግን ሐረጎን እያጋመስኩ ሳለ ድንገት እንደ ታሰረች ትሆንብኛለች። ነዳጅ ብሰጣት አትሄድም። አንዳንዴ ትቆይና ከኋላ እንደ ገጩኝ ትገፈትረኛለች፤ አንዳንዴ ደግሞ እስከ መጨረሻው እንደ ታሰረች ትቀራለች። ጥግ ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ቤቴ ታደርሰኛለች።»

ይህ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይከሰታል፤ ማለትም ከሦስት ዳገት አንዱ ላይ። ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም።

ከእኔ በፊት ሁለት ጋራዦች አይተዋታል። የመጀመሪያው የካምቢዮ ዘይት ቀይሮ «አርጅቷል» ብሏል። ሁለተኛው የታችኛውን ኮፓ (የዘይት መያዣውን) ፈትቶ ማጣሪያውንና ሶሌኖይዶቹን (በኤሌክትሪክ እየተከፈቱና እየተዘጉ የካምቢዮውን ዘይት መንገድ የሚመሩትን) ቀይሯል፤ በየጊዜው ደግሞ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ኮምፒውተሩ እንዲረሳ» አድርጓል። ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ፣ ካምቢዮው ውስጡ ስለሚንሸራተት ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ ይምጣ ተባለ። ባለመኪናዋ ወደ እኔ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ ካምቢዮ ግዢ ከማለትህ በፊት አንድ ቀን አብረኸኝ ውጣ።»

እኔም «እትዬ፣ መጀመሪያ ዘይቱን ልየው» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ስህተቴ

ዘይቱ በእርግጥ ጥፋት ነበረበት። ካምቢዮው በደንብ ሞቆ ሞተሩ እየሠራ የመለኪያ ዘንጉን ስመዝ፣ ዘይቱ ከላይኛው የሙቅ ምልክት ሁለት ጣት አልፎ ተገኘ። የዚህ ካምቢዮ የሙቅ ምልክት የሚያገለግለው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ዘይቱን የሞላው ሰው በቀዝቃዛው እስከዚያ ምልክት ሞልቶታል ማለት ነው፤ ዘይት ሲሞቅ ደግሞ ይነፋል። የበዛ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ አረፋ ያወጣል። አረፋ የገባበት ዘይት ግፊቱን አይዝም፣ ግፊት ያነሰው ካምቢዮም ይንሸራተታል። ታሪኩ አፍ በሚያስከፍት ሁኔታ አማረልኝ። ትርፉን ቀንሼ ከተማ ውስጥ ዞርኩባት፤ እንደ ቅቤ ሄደች። ሒሳቤን ተቀበልኩ።

ዘጠኝ ቀን ስልክ አልተደወለም። እኔም ለረዳቴ «አየህ፣ ካምቢዮ ሊያስቀይሯቸው ነበር» እያልኩ ተኩራራሁ። በዐሥረኛው ቀን ደወሉ፤ ከሐረጎ፣ ከመንገድ ዳር። «እዚያው ቦታ ላይ ነኝ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ያፈርኩት ግን ከዚያ በኋላ ሳወራቸው ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። ዳገቱን የወጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከሦስት ዳገት አንዱ ላይ የሚከሰት ብልሽት ሁለት ዳገት በዝምታ የማለፍ ዕድሉ ሁለት ሦስተኛ ሲባዛ በሁለት ሦስተኛ ነው፤ አራት ዘጠነኛ፣ ከመቶ 44 ያህል። ሳንቲም ጥሎ አንበሳ ወይም ሰው እንደ መጠበቅ ነው። እኔ የቆጠርኩት ቀን ነበር፤ መቁጠር የነበረብኝ ዳገት ነው።

አብሮ መውጣት

በዚህ ጊዜ የተለመንኩትን አደረግሁ። ማታ ማታ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ የብልሽት ማንበቢያውን ሰክቼ፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። መሪውን አልነካሁም። መካኒክ ሲነዳ ነዳጅ የሚረግጠው መኪናዋን ለመፈተን ነው፤ ባለቤቷ የሚረግጡት ቤታቸው ለመድረስ ነው። ብልሽቱ የሚያውቀው የእሳቸውን እግር ነው።

ሁለት ዳገት ምንም አልሆነም። ሦስተኛው ላይ አንድ ኩርባ እንደ ጨረስን መጣ። ማርሹ ሁለተኛ፣ የሞተሩ ዙር መርፌ 3,000 አካባቢ ነበር። መርፌው በአንድ ጊዜ ወደ 2,000 ገደማ ወረደ፤ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ መኪናዋ ጎተተች። እሳቸው ነዳጁን ጨመሩ፤ ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልተነሳም። «ይኸው!» አሉ፤ ከእኔ ይልቅ ደስ ያላቸው ይመስላል።

ጉዳዩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የካምቢዮው ፍሪሲዮኖች (ማርሹን ጨብጠው የሚይዙት ሰሌዳዎች) ቢንሸራተቱ ኖሮ ሞተሩ ከጎማው ስለሚላቀቅ መርፌው ወደ ላይ ይዘላል፣ ሞተሩም ይጮኻል። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። የዚህ ካምቢዮ ሁለተኛ ማርሽ ምጥጥን (ካምቢዮው አንድ ዙር እንዲያወጣ ሞተሩ የሚዞረው ዙር) 1.552፣ ሦስተኛው 1.000 ነው። 3,000 ሲካፈል ለ1.552 ወደ 1,930 ይሆናል፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ትንሽ ስለሚለቅ 2,000 ገደማ ማየት የሚጠበቅ ነው። ካምቢዮው ዳገት መሀል ላይ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ንጹሕ አድርጎ ቀይሯል። የተቀበለውን ትእዛዝ ፈጽሟል፤ ትእዛዙ ነው የተሳሳተው።

ባለመኪናዋ ይህን ከመጀመሪያው ነግረውናል። «እንደ ታሰረች» ነው ያሉት። «ይንሸራተታል» የሚለውን ቃል ያመጣነው እኛ ነን፤ አንዱ ጋራዥ ለሌላው እያወረሰ።

«እንዳያጠፉት» አልኳቸውና ጥግ ያዝን። ማንበቢያው ላይ የተመዘገበ ኮድ አልነበረም። በእንጥልጥል ላይ ያሉ ኮዶች የሚቀመጡበትን ገጽ ስከፍት ግን ፒ0758 ተቀምጧል፦ ከማርሽ መቀየሪያ ሶሌኖይዶቹ የሁለተኛው የኤሌክትሪክ መስመር። የመኪናዋ ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ጥፋት አንድ ጊዜ ሲያይ በእንጥልጥል ይይዘዋል፤ መብራቱን የሚያበራው በሚቀጥለው ጉዞም ሲደገምበት ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ካልተደገመ ይተወዋል። የእኛው ብልሽት ደግሞ ከሦስት አንዴ የሚመጣ ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል እምብዛም አይሰጠውም። በዚያ ላይ የባትሪው ገመድ በተነቀለ ቁጥር ያለው ማስረጃ ሁሉ ተደምስሷል። አንዳንድ ርካሽ ማንበቢያዎች የተመዘገበውን ብቻ አሳይተው «ምንም የለም» ይላሉ፤ የእንጥልጥሉን ገጽ ፈልጎ መክፈት የባለሙያው ፋንታ ነው።

ቁልቁለቱ ለምን ደህና ሆነ

ይህ ካምቢዮ ማርሹን የሚመርጠው በዋናነት በሁለት ሶሌኖይዶች መብራትና መጥፋት ነው፤ በራ ማለት ኤሌክትሪክ ደረሰው ማለት ነው። በአንደኛ ማርሽ ሁለቱም ይበራሉ። በሁለተኛ ማርሽ የመጀመሪያው ይጠፋል፣ ሁለተኛው እንደበራ ይቆያል። በሦስተኛ ሁለቱም ይጠፋሉ። በአራተኛ የመጀመሪያው ብቻ ይበራል።

በሁለተኛ ማርሽ ላይ እያሉ ወደ ሁለተኛው ሶሌኖይድ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የሚቀረው ሁለቱም የጠፉበት ሁኔታ ነው፤ ያ ደግሞ ሦስተኛ ማርሽ ነው። ሐረጎ ላይ ያየነው ይኸው ነው። ባለመኪናዋ ሲወርዱ በሦስተኛና በአራተኛ ነው የሚነዱት፤ በእነዚህ ማርሾች ሁለተኛው ሶሌኖይድ ጠፍቶ ነው የሚቆየው። ሽቦው ቁልቁለት ላይ አሥር ጊዜ ቢቋረጥ የሚያውቅ የለም።

ሠንጠረዡን ወረቀት ላይ ስዬ ለባለመኪናዋ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና «እና ካምቢዮው ደህና ነው?» አሉኝ። «ካምቢዮው የተናገሩትን የሚሰማ ልጅ ነው፤ የሚያናግረውን እንፈልግ» አልኳቸው።

ጋራዥ ውስጥ የማይገኝ ብልሽት

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ቀሩ፦ ሶሌኖይዱ፣ ኮምፒውተሩና በመካከላቸው ያለው ሽቦ። ኮምፒውተሩ ከዳሽቦርዱ ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ጀርባ ነው ያለው። ሶኬቱን ነቅዬ ከዚያ ሆኜ ሽቦውን ከነሶሌኖይዱ ለካሁ፦ 13 ኦም። መሆን ያለበት ከ11 እስከ 15 ነው። ሽቦውን ያዝኩና ያልነቀነቅኩበት መንገድ የለም፤ ጎተትኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ ረዳቴ ሞተሩን ገፋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጥሩ ከ13 አልተነቃነቀም።

እዚህ ላይ ሊያሳስተኝ የነበረው ነገር ግልጽ ነው። ሶሌኖይዱ አዲስ ነው፣ ሽቦው ተለክቶ ደህና ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ዋጋ ሁሉ በስልክ ጠይቄ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩና ራሴን ጠየቅሁ፦ ይህች መኪና ቆማ ታማ ታውቃለች? አታውቅም። ታዲያ የቆመችን መኪና ለክቼ ደህና ናት ማለቴ ምን ይባላል? መለኪያው ደግሞ ኦም ሲለካ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሶሌኖይዱ ሲሠራ አንድ አምፔር ገደማ ይስባል። በጥቂት ክር የተንጠለጠለ ሽቦ ትንሿን በቀላሉ ያሳልፋል። ስለዚህ ፍተሻው ራሱ ዳገቱን መውጣት ነበረበት።

ሁለት ትንንሽ መብራቶች

አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ኤልኢዲ ወሰድኩ፤ ለእያንዳንዳቸው ኤሌክትሪኩን የሚገድብ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በየድኩላቸው። የቀዩን ሽቦ ከኮምፒውተሩ ሶኬት ጀርባ፣ የአረንጓዴውን ከካምቢዮው ሶኬት ጀርባ በቀጭን መርፌ አስገብቼ አያያዝኩ፤ ሌላው ጫፋቸው ቦዲው ላይ ታሰረ። በዚህ መኪና ወደ ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ የሚልከው ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሆነ፣ ትእዛዝ ሲኖር ሁለቱም መብራቶች ይበራሉ። መብራቶቹን ዳሽቦርዱ ላይ ጎን ለጎን በናስትሮ ለጠፍኳቸው። ባለመኪናዋ አይተው «መኪናዬን የሠርግ ቤት አደረግሃት» አሉ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ብልሽቱ ሲመጣ ሁለቱም በርተው ከቀሩ ጥፋቱ ሶሌኖይዱ ላይ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከጠፉ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አቁሟል። ቀዩ በርቶ አረንጓዴው ከጠፋ ሽቦው መንገድ ላይ ተቋርጧል።

አራተኛው ዳገት ላይ መጣ። ሁለቱም ጠፉ። አንድ ላይ።

«ኮምፒውተሩ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። እንደ እድል ሆኖ ረዳቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ መብራቶቹን በስልክ ሲቀርጽ ነበር። ማታ ቪዲዮውን በዝግታ ስናየው አረንጓዴው ቀድሞ ነው የጠፋው። ቀዩ ብቻውን ለአጭር ጊዜ፣ ዓይን ከሚጨፈንበት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ቆይቶ ከዚያ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ትእዛዝ ልኮ ኤሌክትሪኩ እንደማይሄድለት ሲያውቅ፣ ለጥንቃቄ ያንን መስመር ራሱ ይዘጋዋል፤ ቁልፉ ጠፍቶ እንደገና እስኪከፈት ድረስም እንደ ዘጋው ይቆያል። ባለመኪናዋ አጥፍተው ሲያስነሱ መዳኗ ለዚህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሽቦው ኮምፒውተሩ ሳያውቅ ወዲያው ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ማርሽ ተመልሶ ይገባል፣ እሳቸውም «ከኋላ እንደ ገጩኝ» ይላሉ። ያቺ ቪዲዮ ባትኖር ኖሮ ኮምፒውተር አስገዛቸው ነበር።

ባትሪው ሥር

በማግሥቱ ኮፋኖውን ከፍተን፣ ጎማዎቹን አስደግፈን፣ ረዳቴ ፍሬን ረግጦ ማርሹን አስገብቶ ለአፍታ ነዳጅ እንዲሰጥ አደረግሁ። (ይህን ከአምስት ሴኮንድ በላይ መያዝ የካምቢዮውን ዘይት ያቃጥላል፤ ከመኪናው ፊትም ሰው አይቁም።) ሞተሩ በቦታው ሦስት ጣት ያህል ተነሳ። የኋለኛው የሞተር መደገፊያ ጎማ ተቀድዷል። ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጎትት ካምቢዮውን ይዞ ስለሚንጋደድ፣ ከቦዲው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው የሽቦ እሽግ እያንዳንዱ ዳገት ላይ ይወጠራል። በእጃችን ስንነቀንቀው እንዲህ ልንወጥረው አልቻልንም።

የሽቦው እሽግ የሚያልፈው ከባትሪው መቀመጫ ሥር ነው። ባትሪው ከመቀመጫው የሚበልጥ፣ ለሌላ መኪና የሚሆን ነበር፤ ማሰሪያ ብረቱ የለም፣ በጎማ ላስቲክ ነው የታሰረው። ሳነሳው ሥሩ ነጭ ዱቄት ለብሷል። የሽቦዎቹ ፕላስቲክ ቱቦ ተሰነጣጥቋል። ቱቦውን በምላጭ ሰንጥቄ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ አጠፍኳቸው። ከውጭ ሁሉም ደህና ናቸው። አንደኛው ግን ሲታጠፍ እንደ ተቀቀለ መኮሮኒ ለስለስ አለ፤ ልባሱ አለ፣ ውስጡ የለም። ስቆርጠው አረንጓዴ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። የባትሪ አሲድ በስንጥቁ ገብቶ መዳቡን በልቶታል፤ የቀረው ሁለት ሦስት ክር ነው። ሲላላ ይነካካል፣ ሲወጠር ይለያያል።

ባለመኪናዋን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ይህ ባትሪ መቼ ተቀየረ?»

«ለአረፋ በዓል ሰሞን።»

«ይህ ነገርስ መቼ ጀመረ?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሳይሞላው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስለ ካምቢዮ እንጂ ስለ ባትሪ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ጥገናው

የተበላውን ብቻ ቆርጦ መቀጠል አልሠራም። የመጀመሪያው ብየዳ አልያዘም፣ ምክንያቱም አሲዱ በልባሱ ውስጥ ለውስጥ ተጉዟል፤ መዳቡ የሚያብረቀርቅበት ቦታ ለመድረስ በሁለቱም ወገን ከጣት እርዝማኔ በላይ መቁረጥ ነበረብኝ። አጠገቡ ያሉ ሦስት ሽቦዎችም ጫፋቸው መጥቆር ጀምሮ ስለነበር አራቱንም በተመሳሳይ ውፍረት ቀየርኩ፣ በየድኩ፣ በሙቀት በሚጨማደድ ላስቲክ አሸግኩ። መቀመጫውን በውኃ በተበጠበጠ ሶዳ አጠብኩት፤ አሲዱን የሚያረክሰው እሱ ነው። ልኩ የሆነ ባትሪና ማሰሪያ ብረት ገባ። እሽጉን ከባትሪው ሥር አውጥቼ ትንሽ ላላ አድርጌ በሌላ መንገድ አሳለፍኩት። የተቀደደው የሞተር ጎማም ተቀየረ፤ ባይቀየር ኖሮ አዲሱን ሽቦ ይጎትተው ነበር።

በዚህ ጊዜ «ዳነች» አላልኩም። መብራቶቹን እንደ ተለጠፉ ትቼ ዐሥራ ሁለት ዳገት እስኪሞላ እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። ብልሽቱ ኖሮ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በአጋጣሚ የመደበቅ ዕድሉ ከመቶ አንድ አይሞላም። ወር ሙሉ ከሱቅ መልስ እየደወሉ «ስድስት»፣ «ሰባት» ይሉኛል፤ ሰላምታ እንኳ አይጨምሩም። ዐሥራ ሁለተኛው ማታ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዘጉት።

ለሌላ መኪና የሚተርፍ

ከዚህ ጉዳይ ወዲህ «ካምቢዮዬ አስቸገረኝ» ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄዬ ተቀይሯል፦ ችግሩ ሲመጣ የሞተሩ መርፌ ወደ ላይ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ታች? ወደ ላይ ከሆነ መንሸራተት ነው፤ ዘይቱን፣ ግፊቱን፣ ፍሪሲዮኖቹን አያለሁ። ወደ ታች ከሆነ ካምቢዮው ከፍ ወዳለ ማርሽ ተልኳል፤ ማን ላከው የሚለውን እፈልጋለሁ። መርፌውን የማያይ ደንበኛ እንኳ «ጮኸ» ወይስ «አጉረመረመ» ብለው ይመልሳል። ይህ ጥያቄ ምንም ወጪ የለውም፤ ሁለቱ ጋራዦችና እኔ ግን አልጠየቅነውም።

የሚሄድ የሚመጣ ብልሽት የያዘው ሰው ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ብልሽቱን ማስመጣት መቻል አለበት። ማስመጣት ካልቻለ፣ ሲመጣ የሚመዘግብለት ነገር ትቶ ይሂድ። ሁለቱ መብራቶች ከአንድ ሊትር ካምቢዮ ዘይት በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ነው ያወጡት። ዋናው ብልሃት ግን ቦታቸው ነው፦ አንዱ መስመሩ ከሚነሳበት፣ አንዱ ከሚደርስበት። ማርሽ ሳይሆን የነዳጅ ፓምፕ ወይም የራዲያተር ማራገቢያ ቢሆንም አሠራሩ አይለወጥም።

ዕረፍት ያለውን ብልሽት በቀን መለካት እንደማያዋጣ ከላይ ብያለሁ። ብልሽቱ የሚወለደው በምን እንደሆነ ታውቆ በዚያ ይቆጠር፤ በዳገት፣ በዝናብ፣ በብርድ ማስነሳት።

ባትሪ ነቅሎ «ማስረሳት» የሚባለውን ልማድ በተመለከተ እኔም ከጥፋተኞቹ አንዱ ነበርኩ። አሁን ማንበቢያውን ሳልሰካ፣ የእንጥልጥሉንም ገጽ ሳላይና ሳልጽፍ ባትሪ አልነካም። ደንበኞቼንም ብልሽቱ ሲመጣ፣ ቦታው አደጋ ከሌለው፣ ሳያጠፉ እንዲደውሉ እነግራቸዋለሁ።

ደንበኛው ፊት ስቀመጥ የምጠይቀውም ሰፍቷል። «ካምቢዮው ተነክቶ ያውቃል?» ማለቱን ትቼ «ይህ ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ላይ ማን ምን ነካ?» እላለሁ፤ ጎማ፣ ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ እጥበት ሳይቀር።

የቀረ ነገር

ሶሌኖይዶቹ በከንቱ መቀየራቸውን ለባለመኪናዋ ነግሬያቸዋለሁ። የእኔን የዘይት ሒሳብ መለስኩ፤ ዘይቱ በእርግጥ በዝቶ ስለነበር ግማሹን ብቻ ተቀበሉኝ።

ከዐሥራ ሁለቱ ዳገት በኋላ አንድ ጥያቄ አንስተዋል። ደሴ ላይ ብርድ ባለበት ጠዋት፣ ከቤት እንደ ወጡ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀየር ትንሽ ትመታለች። አብሬያቸው ሄጄ አየሁ። ሁለቱም መብራቶች እንደበሩ ነበሩ፤ በሁለቱም ማርሽ መሆን ያለባቸው እንዲሁ ነው። ዘይቱ ሞቅ ሲል ምቱ ይጠፋል። የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ነው፣ ካምቢዮውም ወጣት አይደለም። እንዲተዉት ነገርኳቸውና መብራቶቹን ነቀልኩ። አረንጓዴዋን ብቻ እንድተውላቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ በመርፌ የተወጋ ሽቦ ሲቆይ ውኃ ያስገባል ብዬ እሷንም ነቅዬ ቀዳዳውን አሸግኩት። አሁን ሁለቱም መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ናቸው፤ ናስትሮው እንኳ አልተላጠላቸውም።